ሰላ ድንጋይ፣ መንዝና ጓሳ፤ የሰሜን ሸዋ ደጋ ተፈጥሮ የተመረመረበት ታሪክ

ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን፣ የሸዋ ደጋ በድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት ታላቅ ገደል ሳይርቅ፣ የሞጃና ወደራ ወረዳ ከተማ የሆነው ሰላ ድንጋይ ይገኛል። አገሩ የውሃ መለያያ ነው። ከገደሉ ጫፍ በስተ ምዕራብ የወረደው ዝናብ በሞፈርና እርሱን በመሰሉ ወንዞች አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል፤ በስተ ምሥራቅ የወረደው ግን ወደ አዋሽ ይወርዳል። ስለዚህ ከአንድ ደመና ከወረደው ውሃ አንዱ ክፍል ግብጽን አልፎ ከሜዲትራንያን ባሕር ሲደርስ፣ ሌላው ክፍል ከባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል።

ይህ አገር ለተፈጥሮ ምርመራ የተመቸ መሆኑን የውጭ አገር ሰዎች ከ1839 ጀምሮ ጽፈዋል። ከመጻሕፍታቸውም የተነሣ የሰሜን ሸዋ አራዊት፣ አዕዋፍና ዕፀዋት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው መንገደኞቹ ከባሕር ወደብ ተነሥተው አንኮበር ከደረሱበት ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት አገሩን የመረመረ ሰው እንዳልነበረ ሆኖ ይቆጠራል። ነገር ግን የመንገደኞቹን ጽሑፍና የአገሩን ሥርዓት ጎን ለጎን አድርጎ ለሚመለከት ሰው ሁለት ዓይነት ምርመራ እንደ ነበረ ይገለጥለታል። አንደኛው ናሙና ሰብስቦ፣ ስም አውጥቶ፣ በመጽሐፍ አትሞ የሚያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው ሣሩ በስንት ዓመት ለአጨዳ እንደሚደርስ፣ ጫካው ምን ያህል ቢቆረጥ እንደማይጠፋ በልምድ ለይቶ በሕግ የሚጠብቅ ነው። የመጀመሪያው በጽሑፍ ስለ ቆየ ታወቀ፤ ሁለተኛው በቃል ብቻ ስለ ተላለፈ ከታሪክ ጸሐፊዎች ዓይን ራቀ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ በምን እንደ ተገናኙና በምን እንደ ተለያዩ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ‹ዓ. ም.› ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

የደጋው ባላገር አገሩን የሚከፍለው በከፍታው ነው። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ከዚያም በላይ ውርጭ የሚባሉት ስሞች የአየሩን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሚዘራውን እህል፣ የሚረባውን ከብትና የሚለበሰውን ልብስ ጭምር ያመለክታሉ። በሰላ ድንጋይና በመንዝ ብርዱ ስለሚጸና ዋናው እህል ገብስ፣ ዋናው ከብት በግ ነው፤ ከበጉም ጠጕር ባናና በርኖስ ይሠራል። ገደሉን ቍልቍል ለሚወርድ ሰው ግን በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ገብሱ ቀርቶ ማሽላና ጥጥ ይመጣል። ከአንኮበር በታች በአልዩ አምባ የነበረው የታወቀ ገበያ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ደገኛውና ቆለኛው የየአገራቸውን ፍሬ ይዘው የሚገናኙበት፣ የአፋር አሞሌም ወደ ደጋ የሚወጣበት ሥፍራ ነበረ። የዘመናችን የመልክዐ ምድር ሊቃውንት የኢትዮጵያን የአየር ጠባይ ሲከፍሉ እነዚህኑ ስሞች ተቀብለው በሜትር ልክ ወሰኑላቸው እንጂ አዲስ አከፋፈል አላወጡም። ይህም የባላገሩ ምርመራ ወደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ በስሙ የገባበት አንድ ምሳሌ ነው፤ እንዲህ ያለው ምሳሌ ግን ብዙ አይደለም።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ማለት ከ1813 እስከ 1847 ድረስ፣ ሰላ ድንጋይ የንጉሡ እናት የወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫ ነበረ። ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ በልጃቸው መንግሥት ከፍ ያለ ሥልጣን የነበራቸው፣ ግዛታቸውን በራሳቸው ሹማምንት የሚያስተዳድሩ እመቤት ነበሩ። ከአንኮበር ተነሥቶ በመንዝ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ በደጃቸው ማለፍ ነበረበት።

ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ነው። ክራፕፍ ከጓደኛው ከካርል ኢዘንበርግ ጋራ በ1839 ወደ ሸዋ መጣ፤ ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ እርሱ ግን እስከ 1842 በአንኮበር ቆየ። በመጋቢት ወር 1842 ወደ ጎንደር ለመሄድ ከአንኮበር ተነሥቶ በሰላ ድንጋይ ከወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ፊት ቀረበ፤ ከዚያም ሞፈርን ተሻግሮ በመንዝ በኩል ወደ ሰሜን ሄደ። የጕዞ ማስታወሻው በ1843 በሎንዶን ሲታተም፣ ስለዚህ ደጋ የሚናገረው ክፍል ለአውሮፓ አንባቢ አዲስ ነገር ነበረ። እርሱ ወንዙን፣ ሜዳውን፣ ብርዱንና የሕዝቡን አኗኗር በየቀኑ ጽፎ ስላስቀመጠ፣ ዛሬ የመንዝን የአንድ መቶ ሰማንያ ዓመት መልክ ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ከዚህ ማስታወሻ መነሣት ይገባዋል።

ነገር ግን ክራፕፍ በዚህ መንገድ ያለ ሥጋት የሄደው በእግሩ ብርታት ብቻ አልነበረም። በሸዋ መንግሥት ሥርዓት ለእንግዳ ሰው ባልደረባ ይታዘዝለታል፣ ድርጎም ይቈረጥለታል። ባልደረባው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ መንገድ መሪና ጠባቂ ነበረ፤ እንግዳው የት እንደ ደረሰና ምን እንደ ሠራም ለጌታው የሚያስታውቀው እርሱ ነው። ይህ ጥበቃ እስከ ምን ድረስ እንደሚጠቅም የታወቀው ክራፕፍ የሸዋን ወሰን ካለፈ በኋላ ነው። በወሎ አገር አደራ ቢሌ በሚባል ባላባት እጅ ወድቆ ተይዞ ሰነበተ፤ ገንዘቡንና ዕቃውን ተገፎ ከተለቀቀ በኋላም በብዙ ድካም ምጽዋ የደረሰው በግንቦት ወር መጀመሪያ ነበረ።

ከክራፕፍ ጋራ በአንድ ዘመን የመጡት መርማሪዎችም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ያለፉ ናቸው። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1839 ሸዋ ደርሶ ተመለሰ፤ በኋላም ሁለተኛ መጥቶ በ1843 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴና በፈረንሳይ ንጉሥ በሉዊ ፊሊፕ መካከል ውል እንዲደረግ አደረገ። እንግሊዛዊው ዶክተር ቻርልስ ቤክ በ1841 ወደ ሸዋ ገብቶ ከዚያ ወደ ጎጃም ተሻገረ፤ ከሰባ በላይ የሆኑ ሥፍራዎችን ኬክሮስ ለካ፣ የዓባይንም አካሄድ ከቀድሞው ይልቅ በተጣራ አኳኋን ወሰነ። በዚያው በ1841 ከቦምቤይ የተላከው የሻምበል ዊልያም ኮርንዎሊስ ሐሪስ መልእክት አንኮበር ደርሶ በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል አደረገ። ሐሪስ ራሱ ስለ ደቡብ አፍሪካ አራዊት መጽሐፍ ያሳተመ አዳኝ ነበረ፤ ከእርሱም ጋራ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ዶክተር ዮሐንስ ሮትና ሥዓሊው ዮሐን ማርቲን በርናትስ ነበሩ። ሐሪስ በ1844 ባሳተመው በሦስት ክፍል መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ ሸዋ ድንጋይ፣ ዕፀዋትና እንስሳት የተጻፈውን ትምህርት ያዘጋጀው ሮት ነው።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሄዱት ንጉሡ በፈቀዱት መንገድ፣ ያዩትም ንጉሡ እንዲያዩ በፈቀዱት ልክ ነው። ከቆላው ወደ ደጋው የሚያስገባው በር በይፋት ሹም በወላስማ መሐመድ እጅ ስለ ነበረ፣ ያለ እርሱ ማለፍ አይቻልም ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ምርመራ ካርታ ሲታይ የአገሩ ተፈጥሮ ካርታ ብቻ አይደለም፤ የንጉሡ ፈቃድ ካርታም ጭምር ነው። በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን ዙሪያ የተጻፈው ብዙ ሲሆን፣ ስለ መንዝ ከፍተኛ ሣራማ ተራሮች የተጻፈው ጥቂት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መርማሪዎቹ ያገኙትን ሲሰይሙ የአገሩን ስም አንዳንድ ጊዜ ጠበቁ፣ አንዳንድ ጊዜም ተዉ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፕል ከ1831 እስከ 1834 በሰሜን ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘውን ጭላዳ ዝንጀሮ በ1835 ለሊቃውንት ሲያስታውቅ፣ የሳይንስ ስሙን ከአገሩ ሰው አፍ ወሰደ። ቀይ ቀበሮንም በስሜን ተራሮች ስም ጠራው። በኮሶ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኮሶ የሸዋም ሆነ የሌላው ደጋ ሰው ከዘመናት ጀምሮ ለሆድ ትል መድኃኒትነቱን ለይቶ፣ አበባው የሚለቀምበትን ጊዜና የሚጠጣበትን ልክ ወስኖ የኖረበት ዛፍ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ስም ቢጽፍም፣ ለዛፉ የሳይንስ ስም ያወጣለት በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ነው። ይህ ስም ሳይጸና ቀርቶ ዛፉ በኮኒግስበርግ መድኃኒት ቀማሚ በሐገን ስም ተጠራ፤ በ1820ዎቹም ደግሞ በፈረንሳዊው ሐኪም በብራዬር ስም የጠሩት ነበሩ። መድኃኒቱ በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ፋርማሲዎች ሲሸጥ፣ ለምን በሽታ እንደሚሆን የመረመሩት ሰዎች ማን እንደ ነበሩ በዕቃው ላይ አልተጻፈም።

ቀጥሎ የመጣው ምርመራ ከመንገደኛነት ወደ ነዋሪነት ያለፈ ነው። በ1867 ከተቋቋመው የኢጣልያ የመልክዐ ምድር ማኅበር መሥራቾች አንዱ የሆነው ማርኬዝ ኦራትስዮ አንቲኖሪ በ1876 ሸዋ ሲደርስ ዕድሜው ከስድሳ ዓመት በላይ ነበረ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአንኮበር በታች ሌት ማረፊያ የሚባለውን ሥፍራ ለምርመራ ጣቢያ ሰጡት። አንቲኖሪ ቀኝ እጁ በገዛ ጠመንጃው ቢቈስልም ወፎችን ማደንና ማዘጋጀት አልተወም፤ በነሐሴ ወር 1882 በዚያው በሌት ማረፊያ ሞቶ ተቀበረ። ከእርሱም በኋላ ዶክተር ቪንቸንሶ ራጋትሲና ዶክተር ሌዎፖልዶ ትራቬርሲ ጣቢያውን ይዘው ሠሩ። የተሰበሰቡት ወፎች ወደ ጄኖቫ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተልከው፣ በ1884 የቱሪኑ ሊቅ ቶማዞ ሳልቫዶሪ ስለ ሸዋ አዕዋፍ ሰፊ ዝርዝር አሳተመ። ይህ ሥራ እስከ ዛሬ የሚጠቅም ነው። ሆኖም ናሙናው በጄኖቫ፣ መጽሐፉ በኢጣልያንኛ ስለ ሆነ፣ ወፎቹ የተያዙበት አገር ልጆች ሊያነቡት የቻሉት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ በአንኮበር ዙሪያ ሲደረግ፣ ከሰላ ድንጋይ በስተ ሰሜን በመንዝ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ከሞፈር ማዶ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጓሳ የሚባል አንድ መቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሣራማ ተራራ አለ። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው የጓሳ ሣር ነው። ይህ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ዝናብ ለሚመክተው ጌሳ ይሆናል፤ አስታው ለማገዶ፣ ሜዳው በድርቅ ጊዜ ለከብት ግጦሽ ያገለግላል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት የመንዝ አቅኚዎች አባቶች የሆኑት አስቦና ጌራ ይህን ምድር ከእርሻ ለይተው ለጋራ ጥቅም አቆዩት። ልጆቻቸውም ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ይጠብቁት ጀመር። ባለርስቶቹ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ጓሳው በአዋጅ ይዘጋል፤ ሣሩ እስኪበረታ ድረስ ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማጨድና ማሰማራት ይከለከላል። ከዚያ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ሁሉም ድርሻውን ያነሣል። ሕጉን ያፈረሰ ይቀጣል።

ይህን ሥርዓት የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ አድርጎ መመልከት አይበቃም። ሦስት ወይም አምስት ዓመት ተብሎ የተወሰነው ልክ ሣሩ ምን ያህል ጊዜ ቢያርፍ እንደሚመለስ ለይቶ ከማወቅ የመጣ ነው። ይህም ዕውቀት ከትውልድ ወደ ትውልድ በማየት የተገኘ ስለ ሆነ ምርመራ መባል ይገባዋል። ልዩነቱ ውጤቱ በመጽሐፍ ሳይሆን በተራራው ላይ መታየቱ ነው።

በሰሜን ሸዋ ይህን የሚመስል ሌላ ነገርም ይተረካል። በታርማ በርና በአንኮበር መካከል በገደሉ ላይ የሚገኘው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ተወስዶ በመናገሻ ተራራ እንደ ተዘራ በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ በዝርዝሩ የሚያከራክር ቢሆንም፣ ጥድ ከየትኛው ደን ዘሩ ተለቅሞ በየትኛው ምድር እንደሚበቅል ማወቅ የአገሩ ልማድ እንደ ነበረ የሚያመለክት ነው።

የቄሮ ሥርዓት ግን ያለ እንከን አልነበረም። ከአስቦና ከጌራ የማይወለድ ሰው፣ ጎረቤት ሆኖ ቢኖር እንኳ፣ በጓሳው ላይ መብት አልነበረውም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በወጣ ጊዜ ርስት ሲሻር፣ በርስት ላይ ቆሞ የነበረው ቄሮም አብሮ ተሻረ። አዋጁን ያወጡት ሰዎች የሻሩት የባለርስቱን ብልጫ ነበር፤ በዚያ ብልጫ ውስጥ ተሸፍኖ የኖረ የሣርና የአራዊት ጥበቃ መኖሩን የሚያስታውቅ ጽሑፍ በፊታቸው አልነበረም። በቃል የኖረ ሕግ ጉዳቱ ይህ ነው፤ ሲሻር እንኳ ምን እንደ ተሻረ አይታወቅም።

የጓሳ ዙሪያ ገበሬዎች ግን ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። ጥበቃው ከላላበት ጊዜ በኋላ፣ በገበሬ ማኅበራቱ በኩል ሽማግሌዎችን ጨምረው አዲስ የጥበቃ ሸንጎ አቋቋሙ፤ ቀድሞ መብት ያልነበራቸውም በዚህ ገቡበት። በኋላም ሥፍራው በአማራ ክልል ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ጸና። ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ በ2001 ለእንግሊዝ አገር ለኬንት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የቄሮን ሥርዓት በዝርዝር መርምረው ጻፉ። ከክራፕፍ ጕዞ እስከዚህ ጥናት ድረስ 159 ዓመት ያህል አለ።

የዚያ ጥበቃ ፍሬ ምን እንደ ሆነ በቅርቡ የተደረገው ምርመራ ያስረዳል። ሩፕል ስም ያወጣላቸው ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በጓሳ አብረው ይኖራሉ። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያመለክተው፣ ቀይ ቀበሮ በሚግጡት ጭላዳዎች መካከል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ያህሉ ሙከራ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት ከመቶ 25 ያህሉ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ቀበሮውን አይሸሹትም። ይህን ለማየት ተመልካቾቹ በአንድ ሥፍራ ብዙ ጊዜ መቀመጥ አስፈልጓቸዋል፤ የሚቀመጡበትም፣ ሁለቱ እንስሳት ሳይሳደዱ የሚገናኙበት ሜዳ ሳይታረስ መቆየት ነበረበት። ሜዳውን ያቆየው ደግሞ የመንዝ ሰው ነው። ስለዚህ በጓሳ ሁለቱ ምርመራዎች ተገናኝተዋል፤ የኋለኛው ያለ ፊተኛው አይገኝም ነበር።

በሌላ ወገን የጽሑፍ ምርመራ ራሱ ምን ያህል እንደሚጐድለው የአንኮበር ምሳሌ ያሳያል። በ1976 እንግሊዛዊው የአዕዋፍ ሊቅ ጆን አሽ ከአንኮበር አጠገብ በገደሉ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ፣ ቡናማ፣ ዘር ለቃሚ ወፍ አየ፤ በ1979ም በአንኮበር ስም አዲስ ወገን አድርጎ አስታወቃት። ሐሪስና ሮት በዚያ ከተማ ተቀምጠው ነበር፤ የሌት ማረፊያ ሰዎችም ከእርሷ በታች ባለው ደን ለብዙ ዓመታት ወፍ ሰብስበዋል። እርሷ ግን በገደሉ ጫፍ ቀርታ፣ ከሮት ዘመን በኋላ ከ130 ዓመት በላይ ያለ ሳይንስ ስም ኖረች። የሰሜን ሸዋ ገደል በሰው ዓይን ተጣርቶ ያለቀ አገር እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ የሰሜን ሸዋን ተፈጥሮ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው የሎንዶንንና የጄኖቫን መጻሕፍት ማንበብ ግዴታው ነው፤ ያለ እነርሱ ዘመንና ልክ አይገኝም። ነገር ግን በዚያ ቢያቆም ታሪኩ ግማሽ ነው። በሰላ ድንጋይ፣ በመንዝና በይፋት ገደል ዙሪያ የሚኖሩ ሽማግሌዎች የሣሩን፣ የእንጨቱን፣ የወፉንና የአውሬውን ስምና ጠባይ፣ የትኛው መስክ በማን ስንት ዓመት ተዘግቶ እንደ ነበረ ያውቃሉ። ቄሮ እስኪሻር ድረስ አልተጻፈም፤ ከተሻረም በኋላ ሊጻፍ የተቻለው አይተውት የኖሩ ሰዎች ገና በሕይወት ስለ ነበሩ ነው። ለሌሎቹ ሥርዓቶች ያለው ጊዜ ከዚያ የሚያጥር ይሆናል።